ትንሿ ጤፌና የሰፈራችን ውሾች

ባለፈው የጤፌን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር ጥያቄ በዝቶብኛል። ግማሾቻችሁ "ቲቸር፣ በመጨረሻ ውሻ በጋቢ ጠቅልለው ማቀፍ ጀመሩ?" ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ በተለይ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያላችሁት፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ውሻ ምን እንደሚያማት፣ ምን እንደምትበላ፣ እንዴት እንደምትያዝ ጠይቃችሁኛል። አንድ በአንድ ከመመለስ እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል። ቡና አፍልታችሁ አንብቡት።

ጤፌ እኔ ቤት የገባችው በ2011 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ውጭ አገር የመሄዱ ነገር ሲሳካላት "ጋሼ፣ ይቺን ላንተ ካልሆነ ለማን እሰጣታለሁ?" አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራ የለኝም ብላ ነው መሰለኝ። ውሻዋ በካርቶን ሆና ደሴ አድራ፣ በወልድያና በጋሸና አድርጋ ላሊበላ ገባች። ዘሯ ማልቲዝ የሚሉት ነው፤ ምናልባት ድቅል ናት። ነጭ ፀጉር ብቻ፤ ክብደቷ አራት ኪሎ አይሞላም። ባለቤቴ ካርቶኑን ከፈት አድርጋ አየቻትና "ውሻ ትመጣለች አላልክም እንዴ? ይቺ ምንድን ናት?" አለች። የጎረቤት ልጆች ጤፌ አሏት፣ እንደ ጤፍ ደቃቅ ናት ለማለት። የአዲስ አበባ ስሟ በዚያው ጠፋ።

እኛ አገር ውሻ የደጅ ነው። ታውቁታላችሁ። ሌሊት ይጮሃል፣ ቀን ይተኛል፣ የተረፈውን ይበላል። ስም እንኳ የሌለው ብዙ ነው፤ "ውሻው" ይባላል፣ በቃ። ባለቤቴም በመጀመሪያው ምሽት "እሷም ደጅ ትደር" አለች። እኔም አልተከራከርኩም። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ወሩም ኅዳር ነበር። ጠዋት ስወጣ ጤፌ ደጃፉ ላይ ጥቅልል ብላ ትንቀጠቀጣለች። ሳነሳት አንገቷ ልምሾ ሆኗል።

እዚህ ላይ ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁን ላስታውሳችሁ። ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሲታይ ብዙ ቆዳ አለው፣ ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ ይበትናል። ስንቅ የሚያስቀምጥበት ቦታ ደግሞ የለውም። ትልቅ ውሻ አንድ ቀን ባይበላ ይነጫነጫል፤ ትንሽ ውሻ፣ ቡችላ ከሆነ ደግሞ ይብሱን፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር አልቆ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን አውቃለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ደጄ ላይ ግን አላወቅኩትም። የእንስሳት ሐኪም የሆነ የድሮ ተማሪዬ ጋ ደወልኩ። "ቲቸር፣ ማር አለ?" አለኝ። በንብ ስም የሚጠራ ንጉሥ ከተማ ውስጥ ማር ይጠፋል? "በጣትዎ ድዷን ቀቧት፤ በግድ ግን አያውጧት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ ያሙቋት።" ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ታድራለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ባለቤቴም ያን ጋቢ ያለበሰችው እሷው ናት፤ ፎቶው ላይ የሳቃችሁት በኔ ሳይሆን በእሷ ነው።

ምግቡን በተመለከተ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በዓመቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ቤታችን 55 ቀን ሥጋም እንቁላልም አይገባም። ጤፌ እኛ የምንበላውን ሽሮ ፍትፍት በላች። ወደ ደብረ ዘይት ሳምንት ላይ ድካም ያዛት፤ ድዷ ነጣ፣ ሽንቷ የጠላ መልክ ያዘ። ሐኪሙ ሲነግረኝ ማመን አቃተኝ፤ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ተቀቀለም ተጠበሰም፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። የሐበሻ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራ! የደጁ ውሻ ሃያ ኪሎ ስለሆነና ከወጡ እንጥፍጣፊው ብቻ ስለሚደርሰው ብዙም አይታወቅበትም። አራት ኪሎ ለማትሞላ ግን አንድ ጭልፋ በየቀኑ መርዝ ነው። "ጾሙ እሷን አይመለከታትም፤ እንቁላል ይቀቅሉላት፣ ሩዝ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም" አለኝ። ዘቢብና ቸኮሌትም እንዲሁ ክልክል ናቸው፤ ዘቢቡ ኩላሊት ይጎዳል። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የዶሮ አጥንት እንዳትሰጧት። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እንደ መርፌ ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ጥርሷ ነው። ያደገ ውሻ፣ የበግ ጠባቂውም ሆነ ጤፌ፣ 42 ጥርስ አለው። ያንን ሁሉ በዚያች በአውራ ጣት በምታህል መንጋጋ ውስጥ አስቡት። ይጠባበቃል፣ ይጣመማል፣ በመካከሉ ምግብ ይቀራል፤ ከዚያ ቢጫ ነገር ይደድርበትና ድዱ ይመግላል። አፏ ሲሸት "የውሻ አፍ መቼም ይሸታል" ብዬ ሁለት ዓመት አለፍኩት። አይደለም። የሚሸት አፍ የታመመ አፍ ነው። እስካሁን ስድስት ጥርስ ተነቅሎላታል። ልምድ ለማስያዝ ቡችላ እያለች በጣት ጨርቅ ጠቅልሎ ጥርሷን ማሸት ነበር፤ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ ይለመዳል። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም፣ ስለማትተፋው ትውጠዋለች። የወተት ጥርሷ ሳይወድቅ አዲሱ አጠገቡ ከበቀለ አሳዩዋት።

ሌላው ሳሏ ነው። እነዚህ ትንንሽ ዘሮች የአየር ቧንቧቸውን ከፍቶ የሚይዘው ለስላሳ አጥንት ይልምና ቧንቧው ይጨፈለቃል። ሳሉ የዝይ ጩኸት ይመስላል። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ እጣን ስታጨስ ይነሳባታል፤ አሁን ጤፌ በቡና ሰዓት ግቢ ትወጣለች፣ እሷም ለምዳው ጀበናውን ስታይ ራሷ ትሄዳለች። አንገቷ ላይ ገመድ አታስሩ፤ ደረቷን የሚያቅፍ ማሰሪያ ይሁን። ቅልብ አድርጋችሁ አታወፍሯት። የጉልበቷም ሎሚ ከቦታው ይንሸራተታል። የእኛን ከተማ ዳገትና ድንጋይ ታውቁታላችሁ፤ ስትሮጥ በድንገት አንድ እግሯን ሰብስባ በሦስት ትዘላለች፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። እያሳቀን ነበር። የሚያስቅ አይደለም፤ ያማል።

እስካሁን የጻፍኩት የአንዲት ቅምጥል ውሻ ነገር ይመስላል። "አገር በስንቱ በሚታመስበት ጊዜ ቲቸር የውሻ ጥርስ ይቦርሻል" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እላለሁ አንዳንዴ። በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ለሰው የሚሆን ዱቄት እየቆጠርን ነበር፣ ጤፌም ቆሎ ለምዳለች። ነገር ግን ይቺን ውሻ ልጠብቅ ብዬ የተማርኩት ነገር አብዛኛው ስለ እሷ አልነበረም።

ለምሳሌ የትሉ ነገር። ሐኪሙ የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ስጧት ሲለኝ "ከቤት የማትወጣ ውሻ ከየት ታመጣለች?" አልኩት። "ለገና በግ ሲያርዱ ሳንባውንና ጉበቱን ምን ያደርጉታል?" አለኝ። ምን እናደርገዋለን፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ቆርጠን ለውሻ እንወረውራለን። እናንተም ቤት እንዲሁ ነው። ያ ከረጢት የትል ጫጩት የያዘ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ሣሩ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ የልጆች እጅ ላይ ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ከረጢት ያድጋል፣ ለዓመታት ሳይታወቅ፣ ብርቱካን አክሎ በቀዶ ሕክምና እስኪወጣ ድረስ። ስንት ገና፣ ስንት ፋሲካ፣ ስንት በግ። አሁን እኛ ቤት ከረጢት ያለበት ሥጋ ይቃጠላል ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበራል። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት ደግሞ ለጤፌ እሰጣለሁ። ብዙም ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለመጻፍ ስፈራው የነበረው ይህን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በመጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት አንድ የማናውቀው ውሻ ወደ ሰፈራችን መጣ። አፉ ለሃጭ ነው፣ አገጩ ተንጠልጥሏል፣ ሲሄድ ይንገዳገዳል። በአጥራችን ቀዳዳ ገብቶ ጤፌን ጀርባዋ ላይ ያዛት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ዘለለና የእነሱን ውሻ ነከሰ፤ ሊያስጥል የሮጠውን የቤቱን ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ እጁን ነከሰው። ጎረምሶች በድንጋይ ገደሉት።

እናቱ እየጮሁ ልጁን ይዘው መጡ። ቁስሉ ትንሽ ናት፣ ሁለት ነጥብ። "ምንም አይደል፣ ጫረው እንጂ አልነከሰው" አሉ ሰዎች። እኔ ልጁን ጎትቼ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ባለቤቴ ከጀሪካን በጣሳ ታፈሳለች፣ እኔ በልብስ ሳሙና አጥባለሁ። 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ሰዓቴን አየሁ። 15 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ ስንት ጀሪካን እንደሚጨርስ በእኛ ከተማ ለምትኖሩ አልነግራችሁም። ሁለተኛው ሲያልቅ ጎረቤት የራሱን አመጣ። ልጁ ቀና ብሎ "ቲቸር፣ ጠራ እኮ" ይለኛል። "ገና ነው" እለዋለሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በ1990ዎቹ ውስጥ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ስሙን አልጽፍም፣ ቤተሰቦቹ አሉ። በፈተና ላይ የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ማን እንዳገኘ ጠይቄ ነበር። ሉዊ ፓስተር ብሎ ብቻ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 የዘጠኝ ዓመቱ ጆሴፍ ማይስተር እንዴት እንደተከተበ ጭምር ጻፈልኝ። ከአስር አስር ሰጠሁት። ሦስት ወር ሳይሞላ ከክፍል ቀረ። ቡችላ ጣቱን ነክሳው ነበር፤ ደሙ ብዙ ስላልነበረ ለማንም አልተናገረም። ቤታቸው ስሄድ ውሃ በብርጭቆ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ተዘጋ፣ ፊቱን አዞረ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ይህ በሽታ መድኃኒት የለውም። አውቅ ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጬ አውቅ ነበር። ፓስተርን አስተማርኩት እንጂ "ውሻ ቢነክስህ በምን ታጥባለህ? ለማን ትናገራለህ?" ብዬ አልጠየቅኩትም። የትምህርት እቅዴ ላይ አልነበረማ።

ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ነው የሚሄደው። መንገዱ ሳምንታትን፣ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። ያ ጊዜ ነው የሰው ዕድል። ክትባቱ አንጎል ሳይደርስ ከቀደመው ሰውዬው ይድናል። ስለዚህ ቁስሉ ትንሽ ነው ትልቅ ነው፣ ውሻው የማን ነው፣ ቡችላ ነው አይባልም።

እናቱ ጸበል ልውሰደው አሉ። "ይውሰዱት እትዬ፤ ጸበሉም ይጠመቅ፤ ግን መጀመሪያ መርፌው" አልኳቸው። የፈሩት የድሮውን ነበር፣ ከእንስሳ አንጎል ይሠራ የነበረውን፣ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋውን። አሁን ክንድ ላይ ነው፣ በሳምንታት ውስጥ ጥቂት ጊዜ። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ክትባቱ አልቆ ነበር። በማግስቱ ወልድያ ወርደን አገኘን። ልጁ ዙሩን ሁሉ ጨረሰ። ዛሬ ደህና ነው፤ ስጽፍ እንኳ ከአጥሩ ማዶ ኳሱ ሲጮህ ይሰማኛል።

ውሾቹስ? ጤፌ የክትባት ካርድ ነበራት። ቡችላ ሆና በሦስት ወሯ፣ ከዚያም በየዓመቱ ተከትባለች። ሐኪሙ ያኑ ቀን ማጠናከሪያ ወጋትና ለ45 ቀን ከሰው አርቀን ጠበቅናት። ተረፈች። የጎረቤት ውሻ ካርድ አልነበረውም። ተነክሶ ያልተከተበ ውሻ ለወራት ተዘግቶ መጠበቅ አለበት፤ ማን ይችለዋል? ሐኪሙ ተገደለ እንጂ ሌላ መንገድ አላገኘም። ጠንካራ፣ ጤነኛ ውሻ ነበር፤ ሌሊት የእኛንም ቤት የሚጠብቅ እሱ ነው፣ ጤፌማ ትተኛለች። ልጁ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አጥሩ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። "የእርስዎ ለምን አልተገደለችም?" አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። በአንዲት ወረቀት ነው ልበለው? ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆነን፣ የራሴን ስከትብ፣ የእነሱንም ላስከትብ ብዬ አስቤ አላውቅም። በአንድ ጉዞ ሁለቱም ይከተቡ ነበር።

በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99ኙ ከውሻ የሚተላለፍ ነው፣ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። እኛ ዘንድም አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1903 አዲስ አበባ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ በታሪክ ተመዝግቧል። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ስርጭቱ ይቋረጣል። ይህን ስሰማ የገረመኝ ሁሉም መከተብ የለባቸውም መባሉ ነው። ከአስሩ ሰባቱ።

ስለዚህ በር ለበር መዞር ጀመርኩ። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው? የልጁ አጎት ከአቡነ ዮሴፍ ግርጌ በግ የሚያረባ ነው፤ ለሱ ስነግረው "የኛ ውሾች ከከተማ ምን አገናኛቸው?" አለ። ቀይ ቀበሮዎቹን ጠየቅኩት። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በዚያ ተራራ ላይ ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች አሉን፤ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ናቸው የቀሩት፣ ከኢትዮጵያ ውጭም የትም የሉም። ባሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008ና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ መንጋ መንጋቸውን ፈጅቷቸዋል፤ በ2010ና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባለው፣ እሱም ከውሻ የሚመጣ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ እዚያ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የበግ ጠባቂ ውሻ ከቀበሮ ጋር አንድ ጥንብ ላይ ይገናኛል። አጎትየው ዝም ብሎ ሰማኝና "እሱስ ባለፈው ዓመት አንዷ ስትንገዳገድ አይቻለሁ" አለ። ምን እንደነበረች እንጃ። ብቻ አራት ውሾቹን ይዞ ከተራራው ወረደ።

ባለፈው ቅዳሜ ሐኪሙ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዞ ግቢያችን መጣ። ክትባቱ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ካልቆየ ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው መብራት በጠፋ ቁጥር የምጨነቀው። ውሻ በገመድ፣ ውሻ በሻሽ፣ ውሻ በክንድ፣ ግቢው ሞላ። ባለቤቴ ቆሎ ታዞራለች፣ ለሰዎቹ ማለቴ ነው። ጤፌ ከመስኮቱ ላይ ሆና በተረፏት ጥርሶች ሁሉንም ትሰድባለች።

የጎረቤት ልጅ መጨረሻ ላይ መጣ። አጎቱ የሰጠውን ጥቁር ቡናማ ቡችላ በሹራቡ ውስጥ ይዟል፤ ሦስት ወር ሞልቶታል። እጁ ላይ ሁለቱ ነጥቦች አሁንም ይታያሉ። ሐኪሙ ካርዱን አወጣና "ስሙ ማነው?" አለ። ልጁ እኔን አየኝ፤ የፊተኛው ስም አልነበረውም። ቡችላውን አየ፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ የምትጮኸውን ጤፌን አየ።

"ዳጉሳ" አለ።

ሐኪሙ ጻፈው።